አስጎብኚን ስለ ማቋረጥ

የቤተሰብ ጉብኝት የሚባለው በአንድ አያት የሚገናኙ ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው በአንድ ሚኒባስ ተጨናንቀው ጥንታዊ ስፍራ ለማየት የሚሄዱበት ልማድ ሲሆን፣ በስፍራው የሆነውን ሁሉ በዓይኑ ያየ ይመስል የሚተርከው ሰው ደግሞ አስጎብኚ ይባላል። ልማዱን ፈረንጅ እንዳመጣው ብዙ ሰው ቢያምንም፣ ጥንታውያን ድርሳናት ሲመረመሩ ግን ከተጻፉት የቤተሰብ ሽርሽሮች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ከግሪክ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ የተደረገ ሆኖ ይገኛል። የግሪኩ ባለቅኔ ሆሜር በ«ኢልያድ» የመጀመሪያ ክፍል የአማልክቱ አባት ዜውስ ወደ ኢትዮጵያውያን ለግብዣ መሄዱን፣ የቀሩት አማልክትም አንድ ሳይቀር ተከትለውት መውጣታቸውን፣ የሚመለሰውም በ12ኛው ቀን መሆኑን ያወሳል። በ«ኦዲሴይ» ደግሞ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ብቻውን ወደ ኢትዮጵያውያን ሄዶ በኮርማና በበግ መሥዋዕት ሲደሰት፣ ሌሎቹ እርሱ በሌለበት ጉባኤ ተቀምጠው፣ ቂም የያዘበት ኦዲሴዎስ ወደ አገሩ እንዲመለስ ይወስናሉ፤ ይኸውም ከዓመት ፈቃድ ሲመለስ ጠረጴዛው ለሌላ ተሰጥቶ የሚጠብቀው የመንግሥት ሠራተኛ ዕጣ ነው። የሆሜር ኢትዮጵያ በትክክል የት እንደ ነበረች ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ የወሎ ሰው ግን የኮርማውንና የበጉን ነገር ከሰማ በኋላ ብዙ ማስረጃ አይጠይቅም።

አስጎብኚነትም እንዲሁ የቆየ ሙያ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሄሮዶቱስ ታላቁን የግብፅ ፒራሚድ ሲጎበኝ፣ አስተርጓሚው በድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ «አንብቦ» ለሠራተኞቹ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለመሳሰለው ቀለብ 1,600 መክሊት ብር መውጣቱን ነግሮታል፤ መክሊት ትልቅ የጥንት ሚዛን ስለሆነ ሽንኩርቱ ቀላል አልነበረም። ፕሉታርክ የተባለው ጸሐፊ ደግሞ በዴልፊ ቤተ መቅደስ የነበሩት አስጎብኚዎች ጎብኚዎቹ አሳጥሩልን ብለው ቢለምኗቸውም የተለመደውን ትረካ ከዳር እስከ ዳር ሳይወጡ እንደማይተዉ ጽፏል። በ2ኛው መቶ ዓመት ግሪክን አዳርሶ ዐሥር መጽሐፍ የጻፈው ጳውሳንያስም የአርጎስ ከተማ አስጎብኚዎች ከሚናገሩት ውስጥ እውነት ያልሆነ እንዳለ ራሳቸው እያወቁ መናገራቸውን እንዳላቆሙ መዝግቧል። ሦስቱም ጸሐፍት አስጎብኚውን የሚያቋርጥ ዘመድ ይዘው አልሄዱም፤ ይህም ትልቅ ጉድለት ነው።

ወደ ወሎ ስንመለስ፣ መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ የቦረና ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከደሴ ተነሥቶ የለጋምቦን ብርዳም ደጋ አቋርጦ የሚደረስባትና መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱን ግቢ የከፈተባት ናት። አዲስ አበባ የሚኖሩት የአካባቢው ተወላጆች በዕረፍት ጊዜ ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ በሚኒባሱ ውስጥ ዳቦ ቆሎ የያዘች አክስት፣ ጋቢ የለበሱ አያት፣ ስልኩ መረብ አልይዝ ያለው ጎረምሳና የታሪክ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ አንብቦ የመጣ አጎት አይጠፉም። በአቴና ያለ አስጎብኚ ሥራው ቀላል ነው፤ ፓርተኖን የተባለው ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ1687 ባሩድ ተከማችቶበት በቬኒሶች ጥይት ቢፈነዳም ዓምዶቹ ቆመው ስለቀሩ ጣቱን የሚቀስርበት አያጣም። የዚህ አገር አስጎብኚ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ሣር፣ ባሕር ዛፍ፣ ሲበዛም አጥር ስለሆነ፣ ሕንጻውን በአፉ ማነጽ ይጠበቅበታል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው መካነ ሥላሴ ነው። ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት ይህ በወርቅ ያጌጠ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1531 በኢማም አሕመድ ሠራዊት ተቃጥሏል። ውበቱን ዛሬ የሚያስረዳን «ፉቱሕ አል ሐበሻ» የተባለው የኢማሙ ወገን የጦርነት ታሪክ ነው፤ በዚያ ዘገባ ኢማሙ ገብተው ካደነቁ በኋላ አብረዋቸው የነበሩትን ዓረቦች በሩም ማለትም በቀድሞው የግሪኮች ግዛት፣ ወይም በህንድ ይህን የመሰለ አለ ወይ ብለው ጠይቀው፣ የለም የሚል መልስ አግኝተዋል። ትረካው እዚህ ሲደርስ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጋብቶ ተዋልዶ በተቀላቀለበት የወሎ ቤተሰብ ውስጥ ሁሉም ለአንድ አፍታ ጫማውን ያያል፤ ከዚያም ከሙስሊሙ ወገን የሆነው አጎት «አብሽሩ፣ ቡናው ይቅረብ» ይልና ታሪኩ ወደ ሁለተኛው ሲኒ ይተላለፋል።

በተድባበ ማርያም የሚነሣው ክርክር ግን ቡና አይበቃውም። በአማራ ሳይንት የምትገኘው ይህች ደብር ከአክሱም ጽዮን፣ ከጣና ቂርቆስና ከመርጡለ ማርያም ጋር ከክርስትና በፊት መሥዋዕተ ኦሪት ይሠዋባቸው ከነበሩት አራት ስፍራዎች አንዷ መሆኗን ትውፊት ያስተምራል፤ ባለ አንድ ምዕራፉ አጎት ደግሞ ዐፄ ገላውዴዎስ (እ.ኤ.አ. 1540–1559) እንደ ሠሯት አንብቦ መጥቷል። ያቋርጣል። ካህኑ ሁለቱም እውነት መሆኑን፣ ንጉሡ የሠሩት ቀድሞ በነበረው ላይ እንደሆነ ሲያስረዱት ዝም ቢልም፣ ምሳ ላይ እንደገና ይጀምረዋል።

ለወላጆች እጅግ አደገኛው ስፍራ ግን ጋሥጫ ነው። የቦረናው ተወላጅ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የ«መጽሐፈ ምሥጢር» እና የ«ሰዓታት» ደራሲ ሲሆኑ፣ በሒሳብ የወደቀ ልጅ ያላት እናት ወደ እርሳቸው ገዳም የሚወስደውን መንገድ የምትመርጠው በምክንያት ነው። ገና ከአፋፉ ላይ ሳሉ አስጎብኚው አባ ጊዮርጊስ በሐይቅ እስጢፋኖስ ለትምህርት በገቡ ጊዜ ሰባት ዓመት ሙሉ ትምህርቱ አልገባ ብሏቸው እንደ ነበር ይጀምራል።

«ሰባት ዓመት ምንም አልገባቸውም?» ይላል ልጁ፣ በጉዞው ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኩ ቀና ብሎ።

«ምንም አልገባቸውም፣ የኔ ልጅ።»

እናት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ታስላለች፤ አስጎብኚው ግን እንደ ዴልፊዎቹ ትረካውን የማያጥፍ ስለሆነ እመቤታችን ተገልጣ የዕውቀት ጽዋ እንዳጠጣቻቸው ይቀጥላል።

«እንዲያ ከሆነ አላጠኑም ማለት ነዋ!»

ይህን ጊዜ አያት ያቋርጣሉ። «ዝም በል አንተ! ለገዳሙ እህል እየፈጩ ነው የተማሩት። አንተ መጅ የት ታውቃለህ?» መጅ በወፍጮ ድንጋይ ላይ እህል የሚታሽበት የእጅ ድንጋይ ሲሆን፣ ልጁ በእርግጥም አያውቀውም። አስጎብኚው ራሱ ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረውም፤ አቋራጭ ዘመድ ለታሪክ ጠቃሚ መሆኑም እዚህ ላይ ይታያል። አባ ጊዮርጊስ ከእርሳቸው ሺህ ዓመት ገደማ ቀድመው በግሪክኛ ካስተማሩት መናፍቃን ከአርዮስና ከንስጥሮስ ጋር በብራና መከራከራቸውንም አስጎብኚው ለማንሣት ያሰበ ይመስላል፤ ሁሉም ስለ ወፍጮ ማውራት ስለ ጀመረ ግን ሰሚ አያገኝም።

የጉዞው መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን የሠዉባት መቅደላ ናት። ከዚህ አምባ የወጣው የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ በደላንታ ሜዳ በጨረታ ሸጦታል፤ ብዙ ሻንጣ ይዛችሁ መጣችሁ ተብላ ስትነቀፍ የከረመችው አክስት ይህን ስትሰማ ወደ ባሏ ዞራ «ሰማህ?» ማለቷ አይቀርም። ሊወስዱት ያልቻሉት በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን ነው። ይህ መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ የጂዳንና የበሽሎን ገደል እያቋረጠ ስድስት ወር ገደማ በሰው ጉልበት የተጎተተ ሲሆን፣ አስጎብኚው ክብደቱ 70 ኩንታል መሆኑን ሲናገር አጎት ለመጨረሻ ጊዜ ያቋርጣል፦ 80 ነው፤ ገመዱን ከጎተቱት አንዱ የአያቱ አያት ነበሩና ቤተሰቡ ያውቃል። አስጎብኚው አይከራከርም፤ ራሱን ነቅንቆ ገንዘቡን ይቀበላል። በሳምንቱ ሌላ ቤተሰብ ሲመጣ ግን መድፉን መታ መታ አድርጎ ክብደቱ 70 ኩንታል መሆኑን፣ አንዳንድ አባቶች ግን 80 እንደሚያደርሱት በእርጋታ ያስረዳል።