ማንም ያልጫነው ሽንኩርት

አዳማ ላይ የአንድ ሃይሉክስ ባለቤት ኪሱ ሞላ ሲል መጀመሪያ የሚያብጠው ጎማው ነው። ፓራፋንጎው ተከትሎ ይሰፋል፣ ከዚያ የሾፌሩ ክንድ በመስኮት ይወጣል፣ ባጃጆቹም ዳር ዳሩን ይይዛሉ። ያምራል? ያምራል። ከውበት ጋር ሙግት ገጥሞ የረታ ሰው ስለሌለ እኔም አልሞክረውም። የእኔ ጠብ ከሻንሲው በታች ነው። ጎማ ሲያድግ ማንም ሳያማክረው ሥራው የሚለወጥበት አንድ ምስኪን እዚያ አለ፤ ዲፈረንሻል ይባላል። ስሙን የማያውቅ የለም፣ ዘይት ማፍሰስ እስኪጀምር ድረስ ግን ዞር ብሎ የሚያየውም የለም።

ጎማ አሳደገ ማለት ዲፈረንሻሉን ሳይፈታ ለወጠ ማለት ነው። ነገሩ ምሥጢር የለውም፣ ማካፈልና ማባዛት ይበቃዋል። ዲፈረንሻል ውስጥ ትንሽና ትልቅ ጥርስ ይነካከሳሉ። ትንሹ 10፣ ትልቁ 41 ጥርስ ቢኖራቸው 41 ለ10 ሲካፈል 4.1 ይመጣል፤ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ብረት 4.1 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። አንዴ ሲዞር ስንት ይራመዳል? እሱን የሚነግረን የጎማው ቁመት ነው። ጎማው ጎን ላይ 265/65አር17 ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የዚያ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች ነው። ተደምሮ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ አንዴ ሲዞር 2.44 ሜትር ይሄዳል። ጎሚስታው ደጃፍ ተደርድሮ ልብ የሚሰርቀው 285/70አር17 ደግሞ 831 ሚሊ ሜትር ይቆማል፣ በአንድ ዙር 2.61 ሜትር ይራመዳል። ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። እንግዲህ ያ 4.1 የነበረው ዲፈረንሻል አንድ ብሎን ሳይፈታለት የ3.83 ጠባይ ይዞ ያድራል።

«ለ7 በመቶ ነው ይህ ሁሉ ጫጫታ?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መቂ ላይ 10 ኩንታል ሽንኩርት የጫነ ፒክአፕ ከነሸክሙ 3 ቶን ገደማ ይመዝናል እንበል። ጎማውን የሚገፋው ጉልበት በ7 በመቶ ሲቀንስ፣ ዳገት ላይ ከ2 ኩንታል በላይ ሽንኩርት እንደ መጨመር ነው። ማንም አልጫነውም፣ ማንም አይሸጠውም፣ ረዳቱም አያወርደውም፤ አሰላ ድረስ ግን አብሮ ይሄዳል። ደግሞ አገሩ ራሱ ከሞተር አስቀድሞ ቀረጥ ይቆርጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ብዙ መሥሪያ ቤት ያገለገለው ባለ 4.2 ሊትሩ የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዳማ ቆሞ እንኳ ከስድስት እጅ አንዱን ትቶ ነው የሚጀምረው። ከ2,400 ሜትር በላይ ወዳለችው አሰላ ሲደርስ ሩቡ የለም። በዚህ ላይ 7 በመቶ የሚቀንስ ሰው ከደሃ ደሞዝ ላይ መዋጮ እንደሚሰበስብ ነው። መመለሻው ደግሞ ይብሳል። ቁልቁለቱን በማርሽ ሲይዙት ሞተሩ መኪናውን የሚያግትበት ጉልበት በዚያው ልክ ይሳሳል፣ ፍሬኑም ረዘም ካለ ጎማ ጋር ይታገላል።

የትልቅ ጎማ ጠበቆች ማስረጃ አላቸው፤ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። አንዱ የሚጠቅሰው ጋሪን ነው። ባቱም ሻሸመኔም የመኪና ጎማ የተገጠመለት ጋሪ ሞልቷል፤ ጎማው ተለቅ ሲል ጉድጓድ በቀላሉ ያልፋል፣ ፈረሱም ይገላገላል። እውነት ነው። ነገር ግን የጋሪ ጎማ ተጎታች ነው፣ ፈረሱ ጎማውን አያዞርም፤ የፒክአፑን ጎማ የሚያዞረው ሞተሩ ነው። ፈረሱን ጋሪው ላይ ጭነው ጎማውን በእግሩ እንዲያዞር ቢያዙት ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። ሌላው የሚያነሳው ከፍታን ነው። መረሬ መሬት ላይ፣ ዝናብ ከመታው የእርሻ መንገድ ጋር የሚታገል ሰው ይህን ቢል አልፈርድበትም። ግን ጎማው በ55 ሚሊ ሜትር ሲያድግ መኪናው ከመሬት የሚነሳው በግማሹ ነው፤ 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ሦስተኛው ነዳጅ ይቆጥባል ባይ ነው፤ ሞተሩ በትንሽ ዙር ብዙ ስለሚሄድ። ከሞጆ ወደ ባቱ በሚወስደው ፈጣን መንገድ፣ ሜዳው ላይ፣ ባዶውን ለሚሄድ መኪና ከዚህ ክርክር ጥቂት እውነት ይተርፋል። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ አሰላ ለሚወጣ ግን አምስተኛ ይቻል የነበረው ዳገት አራተኛ ይጠይቃል፣ ትልቁ ጎማም ራሱ ክብደት አለው፣ ቁጠባው እዚያው ይቃጠላል። ሒሳቡን የሚያምታታው ደግሞ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነው። መኪናው 107 ኪሎ ሜትር ሄዶ 100 ብሎ ይመዘግባል። ባለቤቱ ናፍጣ በላብኝ ብሎ ማደያውን ይረግማል፣ ከሚረግመው ከፊሉ ግን ቆጣሪው የዋጠው መንገድ ነው። ሲሸጠው ደግሞ ደላላው «ብዙ አልሄደችም» ይላል፣ 107,000 የሄደችው 100,000 ታሳያለችና። ፍጥነትም እንዲሁ ነው። ፋብሪካዎች ቆጣሪውን ትንሽ ከፍ አድርገው እንዲያሳይ ስለሚሠሩት ከፊሉ ይካካሳል የሚሉ አሉ፣ ልክ ናቸው፤ ግን ያ ለጥንቃቄ የተተወ ትርፍ ነው እንጂ ለጎማ የተመደበ በጀት አይደለም። ራዳር የያዘ ትራፊክ ፊት «የእኔ ቆጣሪ 100 ነው ያለኝ» ብሎ ምሕረት ያገኘ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

መድኃኒት የለውም ወይ? አለው፣ ውድ ነው እንጂ። አሜሪካ ውስጥ አዲስ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው በብዙ ሞዴል ላይ 3.55፣ 3.73 ወይም 4.10 ብሎ ዲፈረንሻል መርጦ ማዘዝ ይችላል፤ ጎማ ያሳደገም ጥርሶቹን በዚያው ልክ ያስለውጣል። በእኛ ምሳሌ 41 ለ10 የነበረውን በ43 ለ10 ቢተኩት 4.3 ይሆናል፣ በትልቁ ጎማ 4.02 ሆኖ ይሠራል፤ ወደ ቀድሞው ተጠግቷል። ፎርባይፎር ከሆነ ግን የፊቱም የኋላውም አብረው መለወጥ አለባቸው። አንዱን ብቻ ለውጦ ደረቅ መንገድ ላይ ፎር ያስገባ ሰው ሁለቱን ዲፈረንሻሎች እያጣላ ነው፣ ለጠቡ የሚከፍለውም እሱ ነው። ወጪው ለከበደው ደግሞ መካከለኛ መንገድ አለ፤ 265/70አር17 ጎማ ከመጀመሪያው 265/65 የሚበልጠው በ3.4 በመቶ ብቻ ነው። ለአሰላ መስመር የእኔ ፍርድ ይኼው ነው። ሥራው መተሐራና ባቱ ሜዳ ላይ ብቻ የሆነ፣ ቀላል የሚጭን ሰው 285ቱን ቢያስር አልከሰውም።

ጎማ ልትገዙ ስትሄዱ ግን ጠመኔ ያዙ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁ የቀሩትን ጎማዎች በድንጋይ አስደግፉ፣ ካምቢዮውን ባዶ አድርጉ፣ አንድ የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱ። ጎማውም ላይ ረጅሙም ብረት ላይ ምልክት አድርጋችሁ የተነሳውን ጎማ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። ብረቱ የዞረው ልክ የዲፈረንሻላችሁ ቁጥር ነው። ከ4 በታች ቆጥራችሁ፣ ሽንኩርት ይዛችሁም አሰላ የምትወጡ ከሆነ፣ 285ቱን እዚያው ጎሚስታው ደጃፍ ተዉት።