የመሸበት እንግዳ

ተረት ተረት። የላም በረት።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር ወደብ ቀያይ ታንኳዎች ነበሩ፤ ከጎርጎራ ጤፍ ያመላልሳሉ። በየታንኳው የገባውንና የወጣውን የሚጠይቅ አንድ ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር። ታንኳዎቹ መከሩና «ሽማግሌው ቦታ ይዞብናል፤ ብናወርደው ብዙ እንጭናለን» ብለው አወረዱት። ጭነቱ በረከተ። «አንተ ማን ነህ?» የሚል ግን ጠፋ።

አንድ ማታ ትንኝ ያሻገረችው፣ አንዲት ደሴት ላይ የሰነበተ መንገደኛ መጣ።

«የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ።»

«ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ» አለችው አንዷ ታንኳ።

ገባ። ጠባቂው ነጭ ሻላ ወደቡን ሲዞር እንግዳው ከደንገሉ ግድግዳ ኋላ ስለተሸሸገ አላየውም። ሌሊቱን ጤፏን ይፈጭ ጀመር፤ ከሚበላው የሚበዛውን ወደ ውኃ ደፋው፣ ለልጆቹ ቦታ ሊያስለቅቅ። ከጭነቱ ሁሉ አንድ ነገር አጣ፤ ጨው። ያለ ጨው ደግሞ ልጅ አይሆንለትም። ስለዚህ ጎኗን ሸነቆረና በቀዳዳው ከእሷው የሰረቀውን ጤፍ ለወደቡ ነጋዴዎች እየሰጠ ጨው ለወጠ።

«እንግዳዬ፣ ጎኔን ለምን ይበርደኛል?»

«እመቤቴ፣ ነፋስ እንዲገባልዎ ብዬ ነው።»

በሦስተኛው ማለዳ ታንኳዋ ፈረሰች። ልጆቹ ተንጫጭተው ወጡና በየጎረቤቱ ታንኳ ደጅ «የመሸበት እንግዳ ነን» አሉ።

ይህች ታንኳ በደም ሥራችን ውስጥ ናት። ቀይ የደም ሕዋስ ሲበስል ኒውክሊየሱን አስወጥቶ ሄሞግሎቢን ይሸከማል። የወባ ጥገኛ ተሕዋስ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ይገባበትና ሄሞግሎቢኑን ወደ አሚኖ አሲድ ይፈጨዋል። የአዋቂ ሰው ሄሞግሎቢን ግን አይሶሉሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ጨርሶ የለውም። ተሕዋሱ በሕዋሱ ገለፈት ላይ አዲስ መግቢያ ከፍቶ ከደም ፈሳሽ ያስገባዋል፤ ወደ ራሱ የሚወስደውም ከሄሞግሎቢኑ ባገኘው ሉሲን በሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ለውጦ ነው። ባለቤትን በገዛ ሀብቱ ከመበዝበዝ የከፋ ነገር አላውቅም። አይሶሉሲን ቢቋረጥበት እንኳ ወዲያው አይሞትም፤ እድገቱን አዘግይቶ ይጠብቃል፤ ሲያገኝ እንደገና ይነሣል።

በ1950/51 ዓ.ም. በደጋማው የአገራችን ክፍል በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ዛሬም ክረምቱ ሲወጣ የፎገራና የደንቢያ ሜዳ ወባ አይጠፋውም። ተሕዋሱ አንዱን ሕዋስ አፍርሶ ወደ ብዙዎች ለመዛመት 48 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ትኩሳት የጀመራችሁ ወገኖቼ፣ 24 ሰዓት ሳይሞላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደማችሁን አስመርምሩ።