ስለ ኳድሮ ጠባይ፦ በእንጦጦ ዳገት የተደረገ ጥናት

ኳድሮ የሚለውን ቃል ጣሊያኖች ከፍሪሲዮን፣ ከካንዴላና ከሞተሪኖ ጋር ትተውልን ሄዱ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለአፄ ምኒልክ የመጣችው መኪና ኳድሮ አልነበራትም፤ ከፊቷ በብረት ዘንግ እየተሽከረከረች ነበር የምትነሳው። ስለዚህ ጥናታችን ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ላይ ይወሰናል።

አልዞርም የሚል ኳድሮ በሦስት ይከፈላል፦ መሪ የያዘው፣ የተበላው፣ አመለኛው።

መሪ የያዘው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ በብዛት ይገኛል። ቁልቁለት ላይ ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ አዙራችሁ አቁሙ ብለው ያስተማሩን አሉ። የታዘዝነውን አደረግን። ጎማው ጠርዙን ተደግፎ ሲያድር መሪውን የሚቆልፈው ብረት ቀዳዳው ውስጥ ይጣበቃል፤ ቁልፉም ንቅንቅ አይልም። መድኃኒቱ መሪውን በግራ እጅ ገፋ ለቀቅ እያደረጉ ቁልፉን በቀኝ ማዞር ነው። (ላዳ የያዘ እጆቹን ያቀያይር፤ የእሷ ኳድሮ ከመሪው በስተግራ ነው።) ጎማውን እንደነገሩ ያቆመው ጎረቤቴ በአንድ ጊዜ አስነስቶ ይሄዳል።

የተበላው ብዙ አያነጋግርም። ቁልፉን መገናኛ ወስደው ያስቀርጹታል፤ ቀራጩም የተበላውን ጥርስ ሳያዛባ ይገለብጥልዎታል። አሁን የማይሠሩ ሁለት ቁልፎች አሉዎት።

አመለኛው ግን የባለቤቱን እጅ ያውቃል። በተለይ «የውሰት ኳድሮ» የተባለው ንዑስ ክፍል ሰፊ ሐተታ ይፈልጋል። ታላቅ ወንድሜ ኮሮላውን ሲያውሰኝ ስለ ፍሬኑ ምንም አላለኝም። ቁልፉን ግን በሁለት ጣቱ እንደያዘ፦

«እስከ መጨረሻው አታስገባው። የወረቀት ውፍረት ያህል መለስ አድርገው። ከዚያ ከሥር ደገፍ። እንዳታስገድደው፣ ለምነው።»

«እሺ ጋሼ።»

በማግስቱ ማለዳ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ በዚያ ብርድ ለመንኩት። አስገባሁ፣ መለስኩ፣ ደገፍኩ። አንድ ወጣት ዘይት ጨምርበት አለኝ፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ የሚሻለው የእርሳስ ዱቄት ነው። ሌላው እንግፋልህ አለ፤ መሪዋ የተቆለፈ መኪና ቁልቁል ሊገፋ! ከጫካ የእንጨት ሸክም ይዘው የሚወርዱ አንዲት እናት ደግሞ ሸክማቸውን ከመኪናዋ ኋላ አስደግፈው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «በስመ አብ ብለህ አዙረው ልጄ» አሉኝ። መኪናዋ በሸክሙ ነቅነቅ አለች። በስመ አብ ብዬ አዞርኩት። ተነሳች።

ይህ ለጥናቱ ትልቅ ችግር ፈጠረ። ጎማው ከጠርዙ ለቀቅ ስላለ ከሆነ፣ አመለኛ ያልነው ከመጀመሪያውም መሪ የያዘው ነበር ማለት ነው፤ ሦስተኛው ክፍልም የለም። በሌላ ምክንያት ከሆነም አከፋፈሉ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ሴትዮዋን ልጠይቅ ዞር ስል ሸክማቸውን አንስተው ቁልቁል ወርደዋል።

ለወንድሜ ብነግረው «አላልኩህም? መለመን ነው» አለ። በወሩ የኳድሮውን ልብ አስቀየረ። አሁን ሞተሩ በአዲሱ ቁልፍ ይነሳል፣ በሩ በአሮጌው ይከፈታል። የበሩ ሰሞኑን ያዝ ያዝ ያደርገዋል።