ለመስኮት ቁጥር ሦስት የቀረበ ምስጋና

ክቡር ሆይ፣

እኔ ጦር ኃይሎች የምኖር የቀድሞ ሠራዊት ሃምሳ አለቃ ነኝ። ይህ አቤቱታ አይደለም፤ አቤቱታማ አስገብቼ ቁጥር ተሰጥቶኛል። ይህ ምስጋና ነው። ውለታ የዋለን ሰው ሳያመሰግኑ መሞት ነውር ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድመኝ አላውቅም።

በቅድሚያ ስለ ጤናዬ። ሐኪሜ "አባባ፣ ቁጭ አይበሉ፣ በእግርዎ ይንቀሳቀሱ" ብሎ መክሮኝ ነበር። ምክሩን ያስፈጸመልኝ ቢሯችሁ ነው። ሰኞ ከመዝገብ ቤት ወደ ሰው ኃይል፣ ማክሰኞ ከሰው ኃይል ወደ መዝገብ ቤት፣ ረቡዕ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" እባልና በነጋታው ልወጣው ደረጃውን እወርዳለሁ። ሊፍቱም የተበላሸው ለኛው ታስቦ ነው። አራተኛ ፎቅ ስደርስ ልቤ የሚመታው ካራማራን ስንወጣ እንደመታው ነው። በ1970 ግን ከላይ ማን እንደሚጠብቀን እናውቅ ነበር።

ስለ ሰልፍም ላመስግን። በወጣትነቴ ማሠልጠኛ ገብቼ ሰልፍ ተማርኩ፤ እናንተ ደግሞ እንዳልረሳው ይኸው እስከ ዛሬ ታሰልፉኛላችሁ። ማዕረግ አትለዩም። ከኋላዬ የምትቆመው የአንድ ሻምበል ባለቤት ናት። የጡረታ ሕጉ ለሟች ሚስት የባሏን አበል 50 ከመቶ ይሰጣል፤ ጋብቻሽን በምስክር አረጋግጪ ተብላለች። ሚዜዎቹ አፍአበት ቀርተዋል። እናንተ ግን አልጨከናችሁባትም፤ ሌላ ምስክር እስክታመጣ ጊዜ ሰጥታችኋታል።

ስለ ፋይሌም ብዙ ደክማችኋል። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን እኛ በየካምፑ ተሰበሰብን፤ የቀድሞ ሠራዊት አባላትን የሚያቋቁም ኮሚሽንም ተቋቋመ። ፋይሌ በዚያ ግርግር የት እንደገባ አይታወቅም። እኔ 14 ዓመት ያልከዳሁትን ጦር ፋይሌ ከዳ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አይታ "አባባ፣ እርስዎ የሉም" አለችኝ። አልተከፋሁም። ሱሪዬን ሰብስቤ ቅልጥሜ ላይ የቀረውን ፍንጣሪ ባሳያት፣ በትሕትና "ኦሪጅናሉ እርስዎ ጋር ይቆይ፤ እኛ ኮፒውን ነው የምንቀበለው" አለችኝ።

ሕጉንም ገዝቼ አነበብኩት። አዋጅ ቁጥር 714/2003 አሠሪው ለሲቪል ሠራተኛ 11 ከመቶ እንዲያዋጣ ሲያዝ፣ ለወታደሩ 25 አድርጎት ነበር። 10 ዓመት ያገለገለ ከአማካይ ደመወዙ 30 ከመቶ ያገኝ ነበር፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25፣ ለወታደሩ 1.65 ይታከል ነበር። 10 ያልሞላለት ዳረጎት ተቀብሎ ይሰናበት ነበር። አዋጁ በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። የኔን 14 ዓመት በ714 ስሌት ብደምረው 36.6 ከመቶ መጣልኝ። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሕጉ ይህን ያህል ካሰበልን፣ ቢሮውም ያስብልን ማለት ስስት ነው።

ይግባኝ ሰሚ ጉባኤም አለ። ጉባኤው የሚያየው ግን የተወሰነ ነገር ነው። እናንተ አስተዋዮች ስለሆናችሁ አልወሰናችሁም፤ ስላልወሰናችሁም አልተሳሳታችሁም፤ ስላልተሳሳታችሁ እኔም የምለው የለኝ። እምቢታውን በጽሑፍ ለማግኘት የታደለው አንድ አስር አለቃ ብቻ ነው። እሱ ሰልፉ ሲረዝም እንዲህ ይላል፦

ከደጅ ቆሜ ሳለሁ ይግባ ሲባል ሌላ፣
እኔማ አልገባኝም ይግባኝ ካልኩም ኋላ።

አስር አለቃው ትንሽ ምላሰኛ ነው፤ አትቀየሙት።

የካቲት 26 ካራማራን ለማሰብ ትግላችን ሐውልት ሥር አበባ ሲቀመጥ ሄጄ አያለሁ። ደስ ይላል። ድንጋዩን ማንም የአገልግሎት ማስረጃ አልጠየቀውም፤ የልደት ዘመኑም አላከራከረም። ስመለስ ከሜክሲኮ ባቡር እይዛለሁ። ተግባረ ዕድን፣ ልደታን፣ ኮካ ኮላን አልፎ እኛ ሰፈር ሲደርስ ሐዲዱ ያልቃል፤ እዚያ ሁሉም ወራጅ ነው። አንድ ቀን ሲያንቀላፉ መውረጃቸው ያመለጣቸው አንድ ሽማግሌ "ከዚህ ወዲያስ ወዴት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "ከዚህ ወዲያ መስኮት ቁጥር ሦስት ነው" አልኳቸው።

ይህ ምስጋናዬ እንዳይጠፋ ከማስረጃዎቼ ጋር እንዲያያዝልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት
ለሰው ኃይል
ለፋይሌ (ሲገኝ)