ፌስታሉ ይመስገን

ኮምፒዩተር ገባ ማለት ወረቀት ወጣ ማለት የሚመስላቸው የዋሆች አሉ። የአገራችንን ጤና ተቋም አያውቁትም። እኛ ዘንድ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው አይሰናበትም፤ ወንበር ይጨመርለታል እንጂ። መዝገቡ ኮምፒዩተሩን ይጠብቃል፣ ኮምፒዩተሩ መዝገቡን ይጠብቃል፣ በሁለቱም ላይ የምትጽፈው አንዲት ነርስ ናት፤ በሽተኛው ደግሞ ሦስቱንም ይጠብቃል።

ይህን ጥበብ ከነክብሩ ለማየት የሚፈልግ ወደ ደቡብ ይውረድ። ያቤሎን አልፎ፣ ዱብሉቅን ተሻግሮ፣ የሞያሌን አስፋልት ይዞ ሜጋ ይደርሳል። ሜጋ ለወረቀት ሥራ እንግዳ አይደለችም፤ የእንግሊዝ ቆንስላ ተከፍቶባት ሪፖርት ሲጻፍባት የነበረው ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች እዚያው ሜጋ የነበረውን የጣሊያን ምሽግ በጥቂት ቀናት ውጊያ አስለቅቀዋል። የካርድ ክፍልን መዝገብ ግን እስከዛሬ ያስለቀቀ ጦር አልተገኘም።

እንበልና፣ በዚያ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ተቋም፣ ሳል የያዛቸው አንድ የቦረና ሽማግሌ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆሙ።

«አባባ፣ ካርድ ቁጥርዎ ስንት ነው?»

«የቱ ካርድ?»

«ያን ጊዜ የወጣልዎ።»

«እናንተ ጋ አይደል የቀረው!»

ልክ ናቸው። ካርዱ መደርደሪያው ላይ ነው። ቁጥሩ ያለው ግን በብጣሽ ወረቀት ላይ ነው፣ ብጣሿም ከሸማቸው ጋር ታጥባለች። እንግዲህ በስም ይፈለግ። ቦረና ልጁን ብዙ ጊዜ የሚሰይመው በተወለደበት ሰዓት ነው፤ ቀን የመጣው ጉዮ፣ ሲመሽ የመጣው ገልገሎ፣ ጎህ ሲቀድ የመጣው ቦሩ። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ ጉዮ ቦሩ አለ፣ ቦሩ ገልገሎ አለ፣ ገልገሎ ጉዮ አለ፣ ሁሉም ደግሞ ከአንድ በላይ ናቸው። ካርዱን አንዱ በሳባ ፊደል ጻፈው፣ መዝገቡን ሌላው በቁቤ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ሦስተኛው በእንግሊዝኛ፤ እያንዳንዱም ጆሮው እንደሰማለት። አንድ ሽማግሌ ሦስት ታካሚ ሆኑ። የጤና ሽፋን የሚባለው እንዲህ ነው የሚያድገው።

ዕድሜስ? ሽማግሌው «በጃልዴሳ ሊበን ገዳ ነው የተወለድኩት» ይላሉ። ቦረናን ለሚያውቅ ይህ በቂ መልስ ነው፤ አንድ ገዳ ስምንት ዓመት ነው፣ ያኛውም የ1950ዎቹ ነው፣ ሽማግሌው ወደ ስልሳው ተጠግተዋል ወይም አልፈውታል። ኮምፒዩተሩ ግን ቀንና ወር ካልተሞላለት ቀጣዩን ገጽ አይከፍትም። ስለዚህ መስከረም 1 ይሞላለታል። በዚህ አገር በዕንቁጣጣሽ የተወለደው ሰው ብዛት አንድ ቀን ሳይንቲስቶችን ማነጋገሩ አይቀርም።

የሚገርመው፣ እኚሁ ሽማግሌ የትውልድ ሐረጋቸውንና የአባ ገዳዎቹን ተራ ወረቀት ሳይነኩ ወደ ኋላ መቁጠር ይችላሉ። የቦረና ታሪክ አዋቂዎች ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የነበረውን አባ ገዳ ከነዘመኑ ይናገራሉ። ዩኔስኮም በ2009 ዓ.ም. የገዳን ሥርዓት በቅርስነት መዝግቧል፤ ያለ መዝገብ የኖረውን ነገር መዝገብ አስገባው ማለት ነው። እኛ ደግሞ ባለ ሁለት መዝገቦቹ ባለፈው ጥር የወጣውን ካርድ እየፈለግን ነው።

ኮምፒዩተሩን አልንቅም፤ ታሪኩም ያኮራል። «ስማርትኬር» የተባለው ሶፍትዌር ዛምቢያ ውስጥ ሲሠራ ታካሚው የሕክምና ታሪኩን በኪሱ ይዞ እንዲሄድ ታስቦ ስማርት ካርድ ነበረው። ዝናብ ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ ከብት አርቢ ከዚህ የተሻለ ማን ያስብለታል? ወደ እኛ በቱሌን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ መጥቶ ሆስፒታሎች ገባ፤ ከዚያ ድጋፉ ሲሳሳ እሱም ሳሳ። በ2008 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር «የመረጃ አብዮት» አወጀ። አብዮት እንግዳችን አይደለምና ተቀበልነው። ቀጥሎ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወለደው ዲኤችአይኤስ 2 መጣ፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ ለተሠራበት ዓላማ። ዓላማው ደግሞ መቁጠር ነው። ወሩ በ20 ሲዘጋ ከመዝገቡ እየተቆጠረ ይገባል፣ ከዚያ ወረዳው፣ ዞኑ፣ ክልሉ፣ ሚኒስቴሩ በዚያ ወር ስንት ሰው የሳንባ ምች እንደያዘው ያያሉ። የማያዩት፣ አሁን ከነርሷ ፊት የሚያስለው ሰው ባለፈው ምን መድኃኒት እንደወሰደ ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠው የሜጋን ሳል በግራፍ ያውቀዋል፤ ሜጋ ያለችው ነርስ «አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስልዎ?» ብላ እንደገና ትጀምራለች።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ለአፍታ ልተወው። መዝገቡ የማይሞተው ባለሙያው ኋላ ቀር ስለሆነ አይደለም። መብራት ሲሄድ የሚሠራው እሱ ስለሆነ ነው፣ ሲስተሙም ከነርሷ ብዙ ወስዶ ምንም ስለማይመልስላት ነው። ቁጥር ወደ ላይ ብቻ የሚፈስበት ቦታ ላይ ማንም ጤነኛ ሰው ደብተሩን አይጥልም።

በጤና ኬላው ያለው ድርብ ሥራ ደግሞ የበለጠ ይደንቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ማህደር አላት፣ በቤት ቁጥር ተደርድሮ። ከዚያ ታብሌት ተጨመረላት። ማህደሩን ትሞላለች፣ ታብሌቱን ትሞላለች፣ የመቁጠሪያ ቅጹ (ታሊ ሺቱ) ላይ ጭረት ታጋድማለች። ቤተሰቡ ግን ድርቅ ገፍቶት ግመሉንና ልጁን ይዞ ሄዷል። ማህደሩ አለ፣ የቤት ቁጥሩ አለ፣ ቤቱ የለም።

ከሐዲዎችም አሉ። ፋይዳ የሚባል ቁጥር እያለን ለምን ለአንድ ሰው ሦስት ካርድ ይወጣል ይላሉ። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠራ፣ ሲመለስ የሚልክ ሲስተም፣ ለኮምፒዩተሩም ሶላር ይሁን ይላሉ። ይባስ ብለው ኮምፒዩተሩ ሥራ የሚጀምርበት ቀን ሲቆረጥ መዝገቡ የሚዘጋበትም ቀን ይቆረጥ ይላሉ። ይህ ድፍረት ነው። ኦዲተር ቢመጣ ምን እናሳየዋለን? ማህተሙስ የት ይመታል? የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ወጥቷል። ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ ማህተም ተመትቶበት መደርደሪያ ላይ አለ።

ደግሞስ ብቻችንን ነን እንዴ? እንግሊዞች በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመሩትን ግዙፍ የሕክምና ኮምፒዩተር ፕሮግራም ብዙ ቢሊዮን ፓውንድ ከበላ በኋላ በ2011 በትነውታል። በ2013 ሚኒስትራቸው በ2018 ወረቀት አልባ እንሆናለን አለ። በ2018 የቀዶ ሐኪሞቻቸው ማኅበር ቢቆጥር ሆስፒታሎቻቸው ውስጥ ወደ 9,000 የሚጠጋ ፋክስ ማሽን ተገኘ።

እኛ ግን ፋክስ አያስፈልገንም፤ ከእሱ የላቀ አለን። ሽማግሌው ከሜጋ ወደ ያቤሎ፣ ከያቤሎ ወደ ሐዋሳ ሪፈር ቢጻፍላቸው የአንዱ ኮምፒዩተር ከሌላው ጋር አይነጋገርም። መረጃው ግን ይደርሳል። ልጃቸው በብብቱ የያዘው ጥቁር ፌስታል ውስጥ ሪፈር ወረቀቱ፣ ራጁ፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ፣ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጡ፣ በሦስቱም ስሞች የተጻፉ ብጣሾች አሉ። ይህ ነው የአገሪቱ ብቸኛ የተቀናጀ የሕክምና መረጃ ሥርዓት። ፓስወርድ የለውም፣ መብራት አይጠይቅም፣ ድንበር ተሻግሮ ኬንያ ሞያሌም ይሠራል፣ ባለቤቱም ታካሚው ራሱ ነው። ሐኪሙ «እስቲ የያዛችሁትን አምጡ» ሲል ጠረጴዛው ላይ የሚዘረገፈው እሱ ነው።

ያሳሰበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። እንግዲህ ከፌስታል ወደ ጨርቅ ቦርሳ የሚደረገውን የመረጃ ሽግግር የሚመራ ኮሚቴ በአስቸኳይ ይቋቋም፤ ሽግግሩ እስኪጠናቀቅም ታካሚው ሁለቱንም ይያዝ።