ተልባ፣ ማርና የዘማሪ ጉሮሮ፦ ከየካ እስከ እንጦጦ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ከጃን ሜዳ ሲመለስ ድምፁ ያልተዘጋ ወጣት ማግኘት ያስቸግራል። ከከተራ ጀምሮ ሲዘምርና ሲጨፍር የሰነበተ ጉሮሮ በሦስተኛው ቀን ከሹክሹክታ በቀር የሚያወጣው የለውም። ለምግብና ለድምፅ ጥናት ከዚህ የተመቸ መስክ አይገኝም።

የአካባቢው ጠበብት በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አንደኛው የተልባ ነው። ተልባው ተቆልቶ ይወቀጣል፣ በውኃ ይበጠበጣል፣ እስኪያሟልጭ ይቆያል፣ ማር ጠብ ይደረግበታል። «ጠጣው ልጄ፣ ድምፅህን ያለሰልሰዋል» ይላሉ እናቶች። ሁለተኛው ጎራ የሚያቃጥል ሁሉ ያሽራል ብሎ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ያዛል። ሎሚው ግን በጥምቀት የልጃገረድ ደረት እንዲመታ ስለሚወረወር ለጉሮሮ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጥሬ እንቁላል የሚያዙም አሉ፤ ጥናቱ በአክብሮት አልፏቸዋል።

ችግሩ የአቅጣጫ ነው። የሚዋጥ ሁሉ የሚወርደው በምግብ ቧንቧ ሲሆን የድምፅ አውታሮች ያሉት ማንቁርት ውስጥ፣ በአየር ቧንቧ አፍ ላይ ነው። ተልባው የቱንም ያህል ቢያሟልጭ የሚያልፈው በጎረቤት በር ነው፤ አውታሮቹን የነካቸው ዕለት ሰውየው ትን ይለዋል እንጂ አይዘምርም። የወንድ አውታር በሴኮንድ መቶ ጊዜ ያህል፣ የሴት ደግሞ ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው እርጥበት የሚደርሰው አስቀድሞ ከተጠጣ ውኃ፣ በደም በኩል ዞሮ ነው። መድረክ ጫፍ ላይ የሚጨለጥ ብርጭቆ እንግዲህ ለሚቀጥለው ዝግጅት ያገለግላል።

ምግብ ድምፅን መጉዳቱን ግን አሳምሮ ይችልበታል። ክትፎውን በሚጥሚጣ አጣጥሞ የተነሣ የሠርግ ዘፋኝ ሆዱ ስለተወጠረ ትንፋሽ መሳቢያ ያጣል፤ የጨጓራ አሲድም ሽቅብ መጥቶ አውታሮቹን ይለበልባል። ስለዚህ ሐኪሞች ከመዝፈን ሁለትና ሦስት ሰዓት በፊት ምግብ ይቁም ይላሉ። ደብተራዎች ምክሩን አጥብቀውታል፦ ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው፣ ቅዳሴው እስኪያበቃ እህል ውኃ አይቀምሱም። በውኃው ከሐኪሞች ቢለያዩም በባዶ ሆዱ ይስማማሉ። ቅዱስ ያሬድን አስተማረ የሚባለው ትል እንኳ ፍሬውን የበላው ደጋግሞ ወድቆ ዛፉ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ነው።

በትክክለኛው ቧንቧ የሚጓዝ የሰፈር መድኃኒት ሲፈለግ ምግብ ሆኖ አልተገኘም። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን የመጣው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ቅጠሉ ተቀቅሎ፣ ጋቢ ተከናንበው ሲታጠኑት፣ እንፋሎቱ ከትንፋሽ ጋር ገብቶ አውታሮቹ ላይ ያርፋል። ሥራውን የሚሠራው እንፋሎቱ ነው፤ ቅጠሉ ሽታውን ይጨምራል። 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው እንጦጦ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ማሰሮውም ቶሎ ይንተከተካል።

አንድ እንከን ብቻ ተመዝግቧል። ታጥኖ ደጅ የወጣ ሰው ምች ይመታዋል፣ ስለዚህ መውጣት ክልክል ነው። ዘፋኙ ድምፁ ቢከፈትለትም ሠርጉ ላይ የሚዘፍነው ሌላ ሰው ነው።