«ጋዝ ጨርሷል» ላለኝ ክፍል

ለተከበረው የድህረ ሽያጭ አገልግሎት ክፍል
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ደስ ሲለው የሚሠራውን ኤሲ ይመለከታል

ስማችሁን ያልጻፍኩት ለእናንተው አስቤ ነው። ስማችሁ ከተጠራ ደንበኛ ይበዛባችኋል፤ ያለነውም በዝተንባችኋል።

በቅድሚያ ለክፍላችሁ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። ባለሙያችሁ የኤሲዬን ሕመም ገና ከበር ላይ ሆኖ ያውቀዋል። ዋስትናው ሳያልቅ ሕመሙ «መብራት ነው» ነበር፤ መብራት ያበላሸውን ደግሞ ዋስትናችሁ አይሸፍንም። ዋስትናው ሲያልቅ ሕመሙ ወዲያው ተለወጠና «ጋዝ ነው» ሆነ፤ ጋዝ ደግሞ ይከፈልበታል። ማሽኑ ያው፣ ግድግዳው ያው፣ አጠፋፉም ያው። የተለወጠው ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ብቻ ነው።

ኤሲው አይሠራም ብዬ ስሙን አላጠፋም። ጠዋት ስከፍተው ቤቱን ነጠላ እስኪያስደርብ ድረስ ያቀዘቅዘዋል። ወደ ስድስት ሰዓት ግድም፣ የግንቦት ፀሐይ ስትበረታ፣ ውጭ ያለው ክፍል ጓ ይልና ፀጥ። የውስጡ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሞቅ ያለ አየር መንፋቱን ይቀጥላል። ትንሽ ቆይቶ የውጭው ይነሣል፣ ጥቂት ያጉረመርማል፣ ተመልሶ ይተኛል። ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ ስብሰባ የሄደ ኃላፊ ማለት ነው፤ ቢሮው ክፍት፣ አምፖሉ የበራ፣ ሰውየው የለም። የፈለግኩት ቅዝቃዜ ላይ ሲደርስ ኮምፕረሰሩ ማረፉ ያለ ነው፤ ከጠፋም በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ታግሦ መነሣቱ ለራሱ ጤንነት ነው። ሪሞቱ 24 ላይ ሆኖ ቤቱ 31 ሲሆን ግን ዕረፍት ነው ብላችሁ አታሳምኑኝም።

ፀሐይ ከበረደች በኋላስ? እስኪነጋ ድረስ አንዴም ሳያቋርጥ ይሠራል። አቦ! ቀን የሚያልቅ፣ ሌሊት ተመልሶ የሚሞላ ጋዝ ከየት ነው የምታመጡት?

ይህንኑ ባለሙያችሁን ጠይቄው ነበር።

«ጋሼ፣ ጋዝ ጨርሷል» አለኝ።

«የት ሄደ?»

«ይሄዳል እንግዲህ። ሙቀቱን እያዩት።»

የኤሲ ጋዝ እንደ ቡታጋዝ ነዶ የሚያልቅ አይደለም። መዳብ ቧንቧ ውስጥ ታሽጎ እየዞረ የቤቱን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል፤ ቧንቧው ካልተበሳ ማሽኑ እስኪያረጅ ያው ጋዝ ነው። ጎደለ ከተባለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ያንን ሳይፈልጉ መሙላት ለሚቀጥለው ክፍያ ቀጠሮ መያዝ ነው። ሲጎድልም ምልክት አለው፤ ቤቱ እንደ ልብ አይቀዘቅዝም፣ ቀጭኑ ቧንቧ ወይም የውስጡ ጥቅልል በረዶ ይይዛል። የኔው ቧንቧ በረዶ ይዞ አያውቅም።

ባለሙያችሁ ግን ጌጁን ሰካና ሞላው። የውጭው ክፍል ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ የጋዙን ዓይነትና ስንት ግራም እንደሚይዝ በግልጽ ይናገራል። የኔው አር 410 ኤ የሚባለው ነው፤ ሁለት ጋዞች በክብደት እኩል በእኩል የተቀላቀሉበት፣ በሚዛን ተመዝኖ የሚሞላ። ባለሙያችሁ ሚዛን አልያዘም። ወፍራሙን ቧንቧ በሁለት ጣቶቹ ጨበጥ አደረገና ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ቆየ። «አሁን ደረሰ» አለ። ጣቱ ግራም የሚቆጥር ከሆነ ወርቅ ቤት በጥሩ ደመወዝ ይቀጥረዋል። ሳይጎድል የተጨመረ ጋዝ ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርገው ኤሲው ከዚያ ቀን ወዲህ ቶሎ ቶሎ ነው የሚጠፋው። ለዚህም ደረሰኝ አለኝ።

መብራቱንም ነጻ አላወጣም። ቮልቴጅ ከ220 ብዙ ሲወርድ ኮምፕረሰሩ ለመነሣት ከፍተኛ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ መከላከያው ይቆርጠዋል፤ ሲበርድ እንደገና ይሞክራል። እውነተኛ ሕመም ነው፤ ከተማችንም ታውቀዋለች። ግን በመለኪያ እንጂ በሐሜት አይታወቅም። ኮምፕረሰሩ በሚነሣበት ሰዓት ገመዱ የታሰረበት ቦታ ላይ መለኪያ ማስነካት ይበቃል። መለኪያው ባለሙያችሁ ቦርሳ ውስጥ አለ። ጌጁን ሲያወጣ አየሁት፤ ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ደግሞስ «መብራት ነው» ያላችሁኝ ጊዜ ስታቢላይዘር ሸጣችሁልኝ የለ? ኤሲው ሲጠፋ ሄጄ አየዋለሁ፤ 220 ይላል። የሚመሰክርባችሁ የራሳችሁ ዕቃ ነው።

ትልቁ ችግር የተገናኘነው በተሳሳተ ሰዓት መሆኑ ነው። ሕመሙ የሚነሣው በስድስት ሰዓት፤ ባለሙያችሁ የሚመጣው በአሥራ አንድ። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ሱቁ ተዘግቶ፣ ፍራሹ ተነጥፎ፣ ስልኩ እየጠራ የማይነሣበትን ሰዓት ሁላችንም እናውቃለንና በዚህ አልወቅሳችሁም። ግን በአሥራ አንድ ሰዓት የመጣ ሰው የሚያየው ጤነኛ ኤሲ ነው። «ይሠራል እኮ!» ይለኛል፣ ዋሽቼ የጠራሁት ይመስል። ከዚያ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ጋዝ ይሞላል።

ስለ መለካት ካነሣን፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1902 ዊሊስ ካሪየር የተባለ ወጣት መሐንዲስ ብሩክሊን ውስጥ ለሚገኝ ማተሚያ ቤት የዘመናዊውን ኤሲ ንድፍ ሠራ። የሰው ላብ አሳዝኖት አልነበረም፤ እርጥበቱ ወረቀቱን እየለጠጠ ቀለሙ ቦታውን ስለሚስት እንጂ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰና ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ኤሲና ድሬ እኩያሞች ናቸው። ያ ሰውዬ እርጥበቱን እየለካ፣ እያሰላ ነው ሥራውን የጀመረው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ክፍላችሁ ግን ገና መለኪያ ከላስቲክ ወደማውጣት አልደረሰም። በነገራችን ላይ ከዚራ ሰፈር ያሉት የባቡር ዘመን ቤቶች ወፍራም ግድግዳና ከፍ ያለ ጣራ ይዘው፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ጋዝ ሳይሞላላቸው እስከ ዛሬ አሉ።

አሁን ወደ ሠራችሁት ሥራ ልምጣ። የውጭውን ክፍል የሰቀላችሁት በግድግዳዬና በጎረቤቴ ቆርቆሮ አጥር መሀል፣ ሰው በጎኑ ካልሆነ በማያልፍበት ቀዳዳ ነው። የሚተፋው ትኩስ አየር ቆርቆሮውን ይመታና በጀርባው ዞሮ ይገባል። ያንኑ አየር ደግሞ ያግለዋል፣ ደግሞ ይስበዋል። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ራሱ ምጣድ ይሆናል። ከውጭው ክፍል ጀርባ ያሉት ቀጫጭን አሉሚኒየሞች መሀል አቧራና የጎረቤቴ ዶሮዎች ላባ ተጠቅጥቋል። የውስጡን ፊልተር እኔው አጥባለሁ፤ የውጭውን ማጠብ «ሰርቪስ» ተብሎ በደረሰኛችሁ ላይ ተከፍሎበታል፤ ላባው ግን ደረሰኝ አያነብም።

እኔም ቆጣሪውን ዘግቼ ላባውን በብሩሽ አራገፍኩ። ውስጡ ያለው ካፓሲተር መብራት ከጠፋ በኋላም ጉልበት ይዞ ስለሚቆይ የማሽኑን ሽፋን አልነካሁም፤ እሱ የእናንተ ሥራ ነው፣ ከሠራችሁ። ቀጥዬ ቬንትሌተር አመጣሁና ቀዳዳው አፍ ላይ አቁሜ ትኩሱን አየር እንዲያወጣ ለቀቅኩት። ያን ቀን ኤሲው አልጠፋም። በማግስቱ ቬንትሌተሩን አነሣሁ፤ ጠፋ። መለስኩት፤ ተነሣ። ድሬዳዋ ውስጥ ለኤሲው ማቀዝቀዣ የገዛ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ ቤተሰቤን ማቀዝቀዝ የነበረበት ቬንትሌተር ኤሲውን ሲያቀዘቅዝ ደጅ ነው የሚውለው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ጥቂት ነው። በስድስት ሰዓት ኑ፤ ምሳ አለ። የጨመራችሁትን ጋዝ አውጡና በሰሌዳው ልክ በሚዛን ሙሉት። የውጭውን ክፍል ከቀዳዳው አውጥታችሁ አየር ወደሚያገኝበት ጣራ ውሰዱት፤ የሰቀላችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ማንሻውን አልከፍልም። ለጣራ የሚበቃ ቧንቧ አጠረን ካላችሁ ያለኝን ደረሰኝ ልቀጥልላችሁ እችላለሁ፤ በርዝመት ይበቃል።

ከሰላምታ ጋር
ቀን ቀን ላብ በላብ የሆነው ደንበኛችሁ

ግልባጭ፦
ለቆርቆሮ አጥሩ ባለቤት፣ ላባውን አስመልክቶ ለብቻ እንነጋገራለን
ለቬንትሌተሩ፣ የቅጥር ጥያቄው በጥናት ላይ መሆኑ እንዲታወቅ